የዘበኛው ሶፋ

ሰኞ፣ ዘጠነኛ ቀን

ለሚመለከታቸው ሁሉ ማስታወቂያ። ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በክፍል ቁጥር ስድስት፣ በቀኝ እግር ካልሲዬ አውራ ጣት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲጠበቅ የቆየው ቀዳዳ በይፋ ተከፍቷል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ በክብር እንግድነት የተገኙት የልጅ ልጄ ከአልጋቸው ሳይነሡ ባደረጉት አጭር ንግግር፣ «አባባ፣ ጥፍርህን ቁረጥ» ብለዋል።

የክብር እንግዳዋ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሁሉ ነገር ላይ ፍርድ ስለምትሰጥ ዳኛዋ እላታለሁ። ሕመሟ የደም ነው። መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ዙር፣ በደም ሥሯ መግባት አለበት። ሁለቱን ዙር የጨረስነው ሁለት ቀን በአውቶቡስ እየመጣን፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ እየተመለስን ነው። በሁለተኛው መልስ እቅፌ ውስጥ ራሷን ሳተች። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። «አባት፣ ከእንግዲህ ይቺን ልጅ አውቶቡስ ላይ እንዳያወጧት። ስድስቱ እስኪያልቅ ከሆስፒታሉ አጠገብ ትሁን። ትኩሳት የጀመራት ቀን ያላችሁ አንድ ሰዓት ነው» አለኝ።

አጠገብ ማለት ለአፍ ይቀላል። አጠገብ ያሉትን ሆቴሎች ዋጋ የተመነው ሰው ሀብታም ብቻ ነው የሚታመም ብሎ የሚያምን ሰው መሆን አለበት።

ስለዚህ እዚህ ነን። አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ያቆመው የሕሙማንና የአስታማሚዎች ማረፊያ። ዐሥራ ሁለት ክፍል፤ በየክፍሉ ሁለት አልጋ፣ አንዱ ለታካሚ፣ አንዱ ለአስታማሚ። በጋራ ማብሰያው ሦስት ምድጃ፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሦስተኛው ያስታምማቸዋል። ዋጋው የኛን አቅም ያውቃል። ወረፋው ላይ አርባ አንድ ታካሚ አለ። ወረፋው እኛ ጋ የደረሰው ክፍል ስድስት የነበረችው ሴትዮ ስለሞተች ነው። ይህን ለዳኛዋ አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ቀን

ደብተሬ ላይ የሾርባ ጠብታ አገኘሁ። እኔ ሾርባ አልወድም። ዳኛዋን ብጠይቃት አልካደችም። «በማን ቦታ እንደገባን አውቃለሁ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የምጽፈውን መምረጥ አለብኝ። በሰባ አራት ዓመቴ ሳንሱር ተቋቋመብኝ።

ሌላ ወሬ፣ የትላንት። የቤቱን ኃላፊ ወይዘሮ ደንብ ብያታለሁ። ከወገቧ የቁልፍ ዘለላ አይለያትም፤ ከመምጣቷ በፊት ድምፅዋ ይመጣል። አርባ ዓመት የሱቅ፣ የመጋዘንና የጥርስ ሐኪም ሰሌዳ ስጽፍ የኖርኩ ሰው መሆኔን ከዳኛዋ ሰምታ፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የደንብ ሰሌዳ እንዳድስላት ጠየቀችኝ። ሰሌዳው ላይ የሚነበበው «ክልክል ነው» የሚለው ብቻ ነው፤ የሚከለከለው ምን እንደሆነ ግን ጊዜ በልቶታል። ለዳኛዋ አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከሰጠሽኝ እሠራለሁ አልኳት። ብርድ ልብሱንም፣ ዘጠኙ ደንቦች የተጻፉበትን ወረቀትም አመጣችልኝ።

ወረቀቱን አነበብኩ። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ «ታካሚው ሆስፒታል ከተኛ በሁለተኛው ቀን ክፍሉ ይለቀቃል።»

ወረቀቱን ይዤ ቢሮዋ ሄድኩ። ቤቱ የታካሚ ነው አለችኝ፤ ሆስፒታል የተኛ ሰው ደግሞ እዚያው አልጋ አለው።

«አስታማሚውስ?» አልኳት።

«እርስዎ ጤነኛ ነዎት።»

ይህን ጉልበቴ ቢሰማ በሳቅ ይሞታል። ከሆስፒታል ስትወጣስ ወዴት ነው የምንገባው ብላት፣ እንደገና ትመዘገባላችሁ አለችኝ። አርባ ሁለተኛ መሆናችን ነው። እስከዚያ አውቶቡሱ አለ።

ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳሰላስል ነጋ። ያልጠናበት ይቀመጣል፤ የጠናበት ይባረራል። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን አስታሞ አያውቅም። አስታሞ ቢያውቅ የታማሚን እጅ ለቅቆ ወረቀት የሚጽፍበት እጅ አይተርፈውም ነበር።

ሰኞ፣ ዐሥራ ስድስተኛ ቀን

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። ባልዲ። ውሃ። ባልዲ። «አባባ፣ የሚያስመልሰኝ መድኃኒቱ አይደለም፤ ካልሲህ ነው።» ሁለት ደንብ ጻፍኩ። እንደገና ባልዲ።

ዓርብ፣ ሃያኛ ቀን

ጸጉሯ ትራሱ ላይ ቀረ። እንግዲህ በመጨረሻ እኔን መሰልሽ አልኳት፣ መላጣዬን እያሳየሁ። ራሷን በመዳፏ ዳሰሰችና፣ «ይግባኝ እጠይቃለሁ» አለች።

እናቷ ደወለች። ልጄ በልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ ከለከሏት፤ ታናናሾቹን ደግሞ ለማን ትታ ትምጣ። እንዴት ናችሁ አለችኝ፤ ደህና ነን አልኳት። ትበላላችሁ ወይ አለችኝ፤ እንዴት አንበላም አልኳት። አንተስ አባዬ ትተኛለህ ወይ ስትለኝ መስመሩ አስቸግሮኝ ዘጋሁት። መስመሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ስድስት ደንብ ጨረስኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ብሩሹን አጠብኩ።

ሰኞ፣ ሃያ ሦስተኛ ቀን

ትኩሳት። ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ታክሲ። ደረስን፤ ሰዓቱ አልሞላም። አስተኟት። አስታማሚ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ዋርድ ውስጥ አይቆይም አሉኝ። እጇ እሳት ነው።

ረቡዕ፣ ሃያ አምስተኛ ቀን

ወይዘሮ ደንብ ቀኑን ሳታሳልፍ መጣች። ወረቀት አስፈረመችኝ፤ ዕቃችንን በሁለት ቦርሳ አድርጌ ወጣሁ። ብርድ ልብሱን ተቀበለችኝ። የቤቱ ንብረት ነው።

ባዶ እጄን ግን አልወጣሁም። ሰው ደንብ ሲያወጣ የሚተኛበት ቤት እንዳለው ተምሬያለሁ።

ለሚያነበኝ ሁሉ፦ አሳሳቢ ነገር የለም። የሆስፒታሉ የኋላ በር ዘበኛ ደግ ሰው ነው። በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሶፋ አለው። እዚያ እተኛለሁ።

ዓርብ፣ ሃያ ሰባተኛ ቀን

ትኩሳቱ አልወረደም። ዳኛዋ ዛሬ ዓይኗን ገለጠች፤ መጀመሪያ ያየችው ደግሞ ኮቴን ነው። ትከሻው ላይ ኖራ አለ። ዘበኛው ቤቱን በቅርቡ አስቀብቶ ነው አልኳት። ትከሻዬን ትኩር ብላ አየችው። አንገቷን ማንሣት የማትችል ልጅ በዚያ ዓይኗ ሰው ታስጨንቃለች።

«ደብተሩ የት አለ?» አለችኝ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ማስረጃ።»

ትቼላት ወጣሁ፤ ሲመሽ መልሼ ወሰድኩ። ስለዚህ ለማስረጃ ያህል፦ ሶፋው አረንጓዴ ነው። መደገፊያው ላይ ስድስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ወልቋል። መሃሉ ላይ ያለው ሞላ ስገላበጥ ያዜማል። ከራስጌው በኩል ይሞቃል። ዘበኛው ሻይም ያፈላልኛል።

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ነርሶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ፣ «ያንን የሚያስለውን ሽማግሌ ደግሞ ማን ነው የሚያስታምመው?» አለች። ሌላዋ ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር፤ ሳሉ ቀደመኝ።

እሑድ፣ ሃያ ዘጠነኛ ቀን

ዛሬ ደሜ ፈልቷል፤ ፊደሉ ከተጣመመ ይቅርታ።

ከልብስ ማጠቢያው በስተጀርባ አንድ ደረጃ አለ። ከሥሩ ማረፊያ ያጡ አስታማሚዎች ካርቶን አንጥፈው ያድራሉ፤ አንዳንዱ ከነታካሚው ነው። ሊነጋጋ ሲል የጽዳት ሠራተኞች ውሃ እየረጩ ያስነሧቸዋል። እኔ ወደ ሶፋዬ ሳልፍ አያቸዋለሁ። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሰውዬ አለ፣ ግንበኛ ነው። ሚስቱ አንገቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባት በየቀኑ ጨረር ትወስዳለች፤ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታድረው፤ ከተጋደመች ትታፈናለች። ግንበኛው ሲያንኮራፋ እንደ አሮጌ ጭነት መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ይቀይራል። ይህን የነገረኝ ዘበኛው ነው።

ከግንበኛው ጋር ስናወራ፣ በማረፊያው ወረፋ ስንተኛ ናችሁ ብዬ ጠየቅሁት።

«አንደኛ» አለኝ። «አባት፣ አንደኛ ከሆንን ሁለት ሳምንታችን ነው። ክፍል የለም ይሉኛል።»

ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ማረፊያው ሄድኩ። ክፍል ስድስት ተቆልፏል። በመስኮቱ አየሁ፦ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ፍራሽ፣ የዳኛዋ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ። ባዶ። እኔ ከወጣሁ ጀምሮ ባዶ። ወይዘሮ ደንብን ጠየቅኋት። አዲስ ታካሚ ለማስገባት የማኅበሩ ሊቀመንበር ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ መንገድ ሄዷል አለችኝ። ለማስወጣትስ የማን ፊርማ ነው የሚያስፈልገው አልኳት።

«የእርስዎ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ፈርሜያለሁ።

እንግዲህ አስቡት። ያ አልጋ ዳኛዋ እንድትመለስበት አይጠበቅም፤ ግንበኛው ሚስቱን እንዲያስተኛበት አይሰጥም። ለቁልፉ ነው የተከራየው። ቁልፉ በክፍል ስድስት ተመቻችቶ ይተኛል፤ ሰው ደረጃ ሥር። በአርባ ዓመት ሥራዬ ስንት ውሸታም ነጋዴ ሰሌዳ አስጽፎኛል፤ «ሁልጊዜ ትኩስ»፣ «ዋስትና ያለው»። አንዳቸውም እንደዚህ አላሳፈሩኝም፤ «ማረፊያ» ብሎ በራፉ ላይ የጻፈ ሰው ቢያንስ ማፈር አለበት። ሐኪሙ ደግሞ ዛሬ ምን አለኝ፣ ትኩሳቱ ከበረደ በአሥር ቀን ውስጥ ትወጣለች። መዳኗን ፈራሁ። የልጅ ልጄ ከሆስፒታል እንዳትወጣ የተመኘሁበት ቀን ይኸውና፤ ተጻፈ። ዳኛዋ ይህን ታንብበው። እኔ አልሰርዘውም።

ሐሙስ፣ ሠላሳ ሦስተኛ ቀን

ትኩሳቱ ወረደ። ዛሬ ግማሽ ብርቱካን በላች፤ ሶፋው ላይ ስንት ሰው ይቀመጣል ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት፣ ከተቀራረቡ አራት አልኳት።

ወይዘሮ ደንብ ሰው ላከችብኝ። ቅዳሜ ለማኅበሩ ገንዘብ የሚሰጡ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሊቀመንበሩም ይመጣል፤ ሰሌዳው አላለቀም። ዓይኗን በጨው አጥባ ጨርስልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት፤ እንዴት እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ማለትም አውቃለሁ።

ስለ ሙያዬ አንድ ነገር ልናገር። አርባ ዓመት የሰው ቃል ለውጬ አላውቅም። ባለቤቱ ተሳስቶ ቢሰጠኝ እንኳ ጠይቄ ነው የማቀናው። ገበያተኛ የተነገረውን ይከራከራል፣ የተቀባውን ያምናል፤ ለዚህ ነው የኛ ሥራ አደራ ያለበት።

ስምንተኛውን ጻፍኩ። ዘጠነኛውን ጻፍኩ። ከዚያ ተመልሼ ሰባተኛው ላይ፣ በዚያው ፊደል፣ በዚያው ቁመት፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ታካሚው ሆስፒታል ሲተኛ አልጋው ያለ ተጨማሪ ፊርማ ወረፋው ለደረሰው ታካሚ ይሰጣል፤ አስታማሚው ግን ከክፍሉ አይነሣም።»

ወይዘሮ ደንብ መጥታ አየች። በጣቷ መስመሮቹን ቆጠረች፤ ዘጠኝ። ቆንጆ ነው አለች። ያወጣውን ደንብ የሚያነብ የለም፤ የሚያነበው የሚባረረው ብቻ ነው።

ብሩሼን ሳጥብ እጄ ቀዘቀዘ። ለዳኛዋ አልነገርኳትም። አሁን ነገርኳት።

ቅዳሜ፣ ሠላሳ አምስተኛ ቀን

ከእንግዶቹ በፊት ደርሼ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ስድስት እንግዶች፣ ሊቀመንበሩ፣ አንድ ፎቶ አንሺ። ሊቀመንበሩ ድምፁን የሚወድ ሰው ነው። ሰሌዳው አዲስ መሆኑን ሲያይ ቆመ፤ ከአንደኛው ጀምሮ ጮክ ብሎ ማንበብ ያዘ። ወይዘሮ ደንብ ከኋላው ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች። ስድስተኛው ላይ ደረሰ። ሰባተኛውን ጀመረ። የቁልፉ ዘለላ ድምፅ ቆመ።

ሊቀመንበሩ መሃል ላይ ትንሽ ቀስ አለ፤ ግን በሰው ፊት የጀመሩትን አይተዉም፤ ጨረሰው። አንዲት አሮጊት እንግዳ ደብተሯን አውጥታ ሰባተኛውን ገለበጠች። አምስት ማረፊያ ጎብኝቻለሁ፣ አስታማሚውን ያሰበ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው አለች። ሊቀመንበሩ አንገቱን ቀና አደረገ። «እኛ ብዙ አስበንበታል» አላት።

እነሱ ሲሄዱ ወይዘሮ ደንብ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋች።

«ሰባተኛውን ማን አዘዘዎት?»

አፌ ላይ የመጣ መልስ ነበር፤ ስለማድርበት ቦታ። ዋጥኩት። እጄ እንቢ አለኝ ብቻ አልኳት።

«ሦስት ልጅ ነው በዚህ ቁልፍ የማሳድገው» አለችኝ። «ሥራዬን ባጣስ? አሰቡት?»

አላሰብኩትም ነበር። ሰሞኑን ሁሉ ስረግማት ልጆች እንዳሏት አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ተቀምጣ ዘለላውን ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ አንዱን ቁልፍ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሊቀመንበሩ በእንግዳ ፊት ያነበበው ደንብ፣ ደንብ ነው» አለች። «ግንበኛውን ከነሚስቱ ይጥሯቸው። እርስዎም ይግቡ።»

መዝገቡን ስባ የኔ መውጣት የተጻፈበትን መስመር በማስመሪያ ሰረዘችው። አስታማሚው አይነሣም ካለ፣ እርስዎም አልተነሡም ማለት ነው አለችኝ። ማመስገን ነበረብኝ። ቁልፉን ይዤ ስወጣ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው። ዐሥር ሌሊት በአንድ መስመር ጠፋ። በመዝገብ ከክፍል ስድስት ወጥቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ሠላሳ ሰባተኛ ቀን

የግንበኛው ሚስት በዳኛዋ አልጋ፣ ሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ትተኛለች። ትላንት ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ግንበኛው ወለሉ ላይ ነው። ማርሹን አሁንም ይቀይራል፤ ለምጄዋለሁ።

ጥፋቴ ዛሬ ተገለጠልኝ። ሐኪሙ ዳኛዋ ከነገ ወዲያ ትወጣለች ሲለኝ ዘልዬ ልስመው ነበር፤ ከዚያ ትዝ አለኝ። ሰባተኛውን ስጽፍ ታካሚው ሲመለስ ምን እንደሚሆን አልጻፍኩም። ከራስ በላይ ነፋስ ሆኖብኝ፣ ያኔ የታየኝ የኔ ጀርባ ብቻ ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላሉ። ዳኛዋን ለማስገባት ያቺን ሴትዮ ወደ መጣችበት ልመልሳት ነው? ወይስ ዳኛዋን አውቶቡስ ላይ? ሰሌዳው ላይ ደግሞ አንዲት ቃል የሚያስገባ ቦታ የለም፤ ዘጠኙን አሳምሬ ሞልቼዋለሁ።

ሄጄ ለወይዘሮ ደንብ ነገርኳት። ስትሰማኝ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

«ስለ ወለል የሚናገር ደንብ የለም» አለች በመጨረሻ። ማታ ራሷ ሁለት ፍራሽ ተሸክማ መጣች። ያንን ብርድ ልብስም።

ረቡዕ፣ ሠላሳ ዘጠነኛ ቀን

ዳኛዋ ወጣች። አራተኛው ዙር ሰኞ ይጀምራል። በእኔ አልጋ ላይ ናት፤ የግንበኛው ሚስት በእሷ። ሁለታችን አስታማሚዎች ወለሉን ተካፍለናል።

ስንመጣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋኋት በዋናው በር ልወጣ ስል፣ በኋላ በር ውሰደኝ አለች። ይርቃል አልኳት። ውሰደኝ አለች። የጥበቃ ቤቱ ቁም ሳጥን ያህላል፤ ውስጡ አንድ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ዘበኛው፣ የዘበኛው ጉልበት በር ላይ። ዳኛዋ ሰላም አለችውና ሶፋው እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው። ዘበኛው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮቴን አየ። ጎህ ሲቀድ ከደረጃው ሥር ስነሣ የሚያየኝ እሱ ነው። የእውነት ደግ ሰው ነው።

«ለጥገና ሄዷል» አላት።

እስክታስል ድረስ ሳቀች። ክፍል ስንደርስ ደብተሩን ጭኔ ላይ ጣለችው።

«ጻፈው» አለች። «በመዝገባቸው አልወጣህም። በደብተርህ ሶፋ ላይ ነህ። እውነቱን ማን ይያዘው አባባ?»

ፍርድ ቤቱ ባዘዘው መሠረት፦ ዘበኛው ሶፋ የለውም። አረንጓዴው፣ ስድስቱ ቁልፍ፣ የወለቀው አንዱ፣ የሚያዜመው ሞላ፣ ሻዩ፣ ሁሉም ከራሴ ነው። ኖራው የግድግዳው ነው። የግንበኛውን ማንኮራፋት የነገረኝ የለም፤ ዐሥሩንም ሌሊት አጠገቡ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ሶፋውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ደረጃውን ግን እኔ አልፈጠርኩትም።